የተጋላጭነት ግምገማ ምንድን ነው?

በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ብዙ ጊዜ በጥርሱ ይታወቃል። ቡናማ ሆኖ ይበልዛል። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ልጆች አሉ፤ ያሳዝናል። ቢፋቅም አይለቅም፤ ጥፋቱ የውሃው ነውና። ከእሳተ ገሞራ የተገኙት የአካባቢው ድንጋዮች ፍሎራይድ የሚባል ኬሚካል ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይለቃሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ፍሎራይዱ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። ይህ ቁጥር ግን የጉድጓዱ ነው። ሰውየው ጋ ምን ያህል ደረሰ? የተጋላጭነት ግምገማ የሚባለው ይህን ማወቅ ነው፦ ኬሚካሉ በየት በኩል ገባ፣ ምን ያህል፣ ለስንት ጊዜ፣ ማን ውስጥ።

ውሃው በሊትር 3 ሚሊ ግራም አለው እንበል። 60 ኪሎ የሚመዝን አባት በቀን 2 ሊትር ቢጠጣ 6 ሚሊ ግራም ወደ ሰውነቱ ይገባል፤ ለአንድ ኪሎ ክብደቱ 0.1 ሚሊ ግራም ማለት ነው። 12 ኪሎ የምትመዝን ልጁ 1 ሊትር ብትጠጣ ለአንድ ኪሎ 0.25 ይደርሳታል። ጀሪካኑ አንድ፣ ጫናው ግን ሁለት እጥፍ ተኩል።

የሽሮው፣ የሻዩ፣ የቡናው ውሃም ይቆጠራል። ማፍላት አይረዳም፤ ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ በቀረው ውስጥ ይበዛል። ስለዚህ ገምጋሚው ቤት ገብቶ ይጠይቃል። ከየትኛው ጉድጓድ ትቀዳላችሁ? በቀን ስንት ብርጭቆ? ክረምት የዝናብ ውሃ ታጠራቅማላችሁ? ወንጂ ላይ በጠራራ ፀሐይ ሸንኮራ የሚቆርጥ ሰው ቢሮ ከሚውለው እጅግ የበለጠ ይጠጣል። ለእኔ የሥራው ልብ ይህ ጥያቄ ነው፤ ላቦራቶሪው ይህን አይነግረንም።

ሰውነትም ይመሰክራል። ሽንት የሰሞኑን ያሳያል። ጥርስ የልጅነቱን ይይዛል፤ የሚበልዘው እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ገና ድዱ ውስጥ ሲሠራ ነው። ካደገ በኋላ ወደ አካባቢው የመጣ ሰው ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አጥንቱ ግን ለዓመታት ያጠራቅማል፤ ሲብስ ወገብና መገጣጠሚያ ይደርቃል። እሱም ጥርሱ ታይቶ አይታለፍም፤ ከዚያ ጉድጓድ ስንት ዓመት እንደጠጣ ይጠየቃል።