ቡና ላይ ስለ ማንታ እና ሳርጋሰም የሰማኋቸው ስህተቶች

እሁድ ከሰዓት ጅማ ውስጥ ቡና እየጠጣን አንዱ ልጅ ስልኩን አዞረልን። ቪዲዮው ላይ ቡናማ ቅጠል የመሰለ ነገር ባሕሩን ሸፍኖታል። ከሥሩ አንድ ጥቁር፣ ሰፊ ነገር ክንፉን እያራገበ ያልፋል። ክርክር ተነሳ። ከመካከላችን ባሕር ያየ አንድም ሰው የለም፤ መቼ ይሄ ያግደናል!

«ሁለቱም የባሕር ቅጠል ናቸው።»
ኧረ አይደሉም። ያ ጥቁሩ ማንታ የሚባል ዓሣ ነው፤ የሻርክ ዘመድ። ትልቁ ዝርያ ከክንፍ እስከ ክንፍ 7 ሜትር ይደርሳል፤ ሦስት ባጃጅ ከፊትና ከኋላ ቢደረደር በሉት። ላይ ያለው ሳርጋሰም ደግሞ ቡናማ አልጌ ነው፤ ተክል የሚመስል የውሃ ፍጥረት።

«ሳርጋሰም ሥሩን ከባሕሩ ሥር ያለው መሬት ላይ ተክሎ ነው የሚያድገው።»
ይሄ ስህተት እንኳ ሰበብ አለው። ብዙዎቹ ዝርያዎች ድንጋይ ላይ ይጣበቃሉ። አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ሁለት ዝርያዎች ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲንሳፈፉ ይኖራሉ። ቪዲዮውን አቁመን አጎላነው። ቅርንጫፉ ላይ ገና ያልቀላ ቡና የሚመስሉ ድብልብል ፍሬዎች ተደርድረዋል። ፍሬ አይደሉም፤ ጋዝ የሞላቸው ከረጢቶች ናቸው። የሚያንሳፍፉት እነሱ ናቸው። ቁራጩ ቢገነጠልም ራሱን ችሎ ያድጋል። በ2018 እ.ኤ.አ. ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ 8,850 ኪሎ ሜትር ገደማ ተዘርግቶ ታይቷል፤ ክብደቱም ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ተገምቷል።

«ታዲያ ቆሻሻ ነዋ!»
እንደ ቦታው ነው። ባሕር ላይ የኤሊ ጫጩቶችና ትንንሽ ዓሦች ይሸሸጉበታል። ዳርቻ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ ግን እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል።

«ማንታ ጅራቱ ይገድላል።»
መርዛም እሾህ ያላቸው ሌሎች ዘመዶቹ ናቸው። ማንታ የሚናደፍበት ነገር የለውም። ቀንድ የሚመስለውም ውሃ ወደ አፉ የሚመራበት ክንፍ ነው። ያን ሁሉ አካል የሚመግበው በዓይን በጭንቅ የሚታዩ የባሕር ፍጥረታትን ከውሃው እያጣራ ነው።

«ሁለቱም ዝም ብለው ይንሳፈፋሉ።»
እኔን የገረመኝ ይሄኛው ነው። የአየር ከረጢት ያለው አልጌው ነው፤ ዓሣው የለውም! ማንታ መዋኘት ካቆመ ይሰምጣል።

ቶናው ሲቀርብ ባለስልኩ «እንቁላሉን ታዲያ የት ይጥላል?» አለ። አይጥልም። እንቁላሉ እናቲቱ ሆድ ውስጥ ይፈለፈላል። ካረገዘች ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ ግልገል ትወልዳለች፤ አልፎ አልፎ ሁለት።