«ልዩ ተጋላጭ ቡድን» ሲባል ምን ማለት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የኒውክሌር ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠርቶ ካንሰር የያዘው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ሕግ 150,000 ዶላር ካሳ መጠየቅ ይችላል። ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። በመደበኛው መንገድ ባለሙያዎች ሰውየው ያገኘውን ጨረር ከድሮ መዝገብ ያሰላሉ። በሽታው ከሥራው የመምጣቱ ዕድል 50 በመቶ መሙላት አለበት። 49 ከሆነ ውድቅ ነው።

መዝገቡ ከሌለ ወይም የማያስተማምን ከሆነስ? «ልዩ ተጋላጭ ቡድን» የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። ኬንታኪ ያለውን የፓዱካ ዩራኒየም ማበልጸጊያ እንውሰድ። እዚያ ከፌብሩዋሪ 1992 በፊት ቢያንስ 250 የሥራ ቀን የሠራ፣ ደረቱ ላይ የጨረር መለኪያ ባጅ ያደርግ የነበረ ሰው፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት 22 የካንሰር ዓይነቶች አንዱ ከያዘው ስሌት አይጠየቅም። የፕሮስቴት ካንሰር ግን ዝርዝሩ ውስጥ የለም (ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው)። እሱ የያዘው ሰው ተመልሶ ወደ ስሌቱ ይሄዳል።