ጃንታር ማንታር፦ ድንጋዩ ሰዓት አልተሳሳተም

የሕንዷ ጃይፑር የደረሰ ጎብኚ ጃንታር ማንታርን ሳያይ አይመለስም፤ አብዛኛው ግን ፎቶ ተነሥቶ፣ “ግሩም ሐውልት ነው” ብሎ ይወጣል። ማሃራጃ ሳዋይ ጃይ ሲንግ ሁለተኛ እ.ኤ.አ. በ1734 ያስጨረሰው ይህ ግቢ 19 የሰማይ መለኪያዎች የቆሙበት ነው። ሰው ስለ ቦታው የሚናገራቸውን ጥቂት ስሕተቶች ላንሳ።

“ያ ረጅም ደረጃ የትም አያደርስም፤ ሳያልቅ የቀረ ሕንፃ ነው።”

ያለቀለት የፀሐይ ሰዓት ነው፤ ሳምራት ያንትራ ይባላል፣ ቁመቱ 27 ሜትር ነው። ሥራውን የሚሠራው ደረጃው ሳይሆን ዘንበል ያለው የግድግዳ ጠርዝ ነው። ጃይፑር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 27 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ጠርዙም በዚያው ልክ ወደ ሰሜን ሽቅብ ይወጣና ምድር ከምትሽከረከርበት ዘንግ ጋር ትይዩ ይሆናል። ይህንኑ አዲስ አበባ ላይ ልሥራ የሚል ሰው ወደ 9 ዲግሪ ዝቅ ሊያደርገው ግድ ነው፤ ያን ጊዜ ግርማው ሁሉ ቀርቶ ለስላሳ አቀበት ይመስላል።

“ስልኬ ሌላ ሰዓት ያሳያል፤ ድንጋዩ አርጅቶ ተበላሽቷል።”

ይህኛው ሁልጊዜ ያስቀኛል። የሕንድ ሰዓት በሙሉ የሚቆጠረው በ82.5 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ነው። ጃይፑር ከዚያ በስተምዕራብ ስለሆነች ፀሐይ አናቷ ላይ የምትደርሰው 27 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ነው። በዚያ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩል አትራመድም፤ በጥቅምት መጨረሻ 16 ደቂቃ ያህል ትቀድማለች፣ በየካቲት መጀመሪያ 14 ደቂቃ ያህል ትዘገያለች። ስለዚህ ልዩነቱ በየካቲት 40 ደቂቃ ያልፋል፤ በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ 11 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። ስልክዎ የሚናገረው የአገሪቱን ሰዓት ነው፣ ድንጋዩ የዚያን ግቢ።

የጠርዙ ጥላ ወደሚያርፍበት ቅስት ጠጋ ብለው ጥላው ያለበትን ቦታ ይያዙና አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ ሦስት አራት ጣት ያህል ርቆ ያገኙታል። መሣሪያው በ2 ሰከንድ ልክ ያነባል ሲባል ግን መጪው ሁሉ ቆሞ ያነበዋል ማለት አይደለም። ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ክብ ስለሆነች የጥላው ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ትክክለኛውን መስመር ለማግኘት ቀጭን ክር ይዞ መታገል አለ።

“ቴሌስኮፕ ስላልነበረ ነው በድንጋይ የሠሩት።”

ነበረ። አውሮፓ ውስጥ ከተሠራ መቶ ዓመት አልፎት ነበር፤ ጃይ ሲንግም ያውቀዋል። ያስቸገሩት የነሐስ መለኪያዎች ነበሩ። ትንንሽ ስለሆኑ ዲግሪውን በደቂቃ (በዲግሪ 60ኛ ክፍል) ለመከፋፈል ቦታ አይበቃም፤ መዞሪያቸው እየተበላ ይላላል፣ የመሐል ነጥባቸው ይዛነፋል። ድንጋይና ኖራ ግን አይነቃነቅም፣ የተፈለገውን ያህልም ይገዝፋል። የሳማርካንዱ ገዥና የሰማይ ተመራማሪ ኡሉግ ቤግ ከጃይ ሲንግ 300 ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ግዙፍ መለኪያ አሠርቶ ነበርና መንገዱ የተጠረገ ነው።

“ስሙ ድግምት ማለት ነው።”

በሕንድኛ ጆሮ እንደዚያ ቢሰማም “ጃንታር” የመጣው መሣሪያ ከሚለው “ያንትራ” ነው። ኮከብ ቆጠራ ፈጽሞ የለበትም ማለትም አያስኬድም፤ ራሺቫላያ የተባሉት 12 መለኪያዎች ለየኮከብ ምልክቱ አንድ አንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው።

“ጸሐይ በረድ ስትል፣ ወደ ማታ መሄድ ይሻላል።”

ለፎቶ ከሆነ ይሁን። መሣሪያዎቹን ሲሠሩ ለማየት ግን ባርኔጣ አድርጎ ረፋድ ላይ ወይም ቀትር አካባቢ መሄድ ነው፤ ዝናብ የሚበዛባቸው ሐምሌና ነሐሴ አይመከሩም። ጃይ ፕራካሽ ያንትራ የተባለው ጎድጓዳ እብነ በረድ ሰማዩን ገልብጦ የያዘ ነው፤ ከላዩ የተወጠሩት ሽቦዎች መገናኛ የሚጥላት ትንሽ ጥላ ያረፈችበት ነጥብ ፀሐይ ሰማይ ላይ የቆመችበትን ቦታ ያሳያል። ደመና ሲመጣ ጥላዋ ትጠፋለች፤ እስክትመለስ ጠርዙ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው።