የደረቀ የኋላ ታንቡር፦ የድሮ ቬስፓና ላምብሬታ እድሳት በጎንደር

የድሮ ቬስፓ ወይም ላምብሬታ፣ ማለትም የጣሊያን ስኩተር ሞተር፣ ሲታደስ መካኒክ ከሚያስቸግሩት ሥራዎች አንዱ የኋላ ታንቡር ማውጣት ነው። ታንቡሩ የኋላው ቸርኬ የሚታሰርበት፣ የፍሬን ሸራውም ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት ነው። ሞተሯ ለዓመታት ከቆመች ከዘንጉ ጋር በዝገት ይጣበቃል።

ቬስፓን ጎንደር ያስገባት የጣሊያን ወራሪ ጦር ነው የሚሉ አሉ። ጣሊያን የሠራቸውን የፒያሳን ሕንፃዎች ላየ ሰው እውነት ይመስላል፤ ዘመኑ ግን አይገጥምም። ጦሩ ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። የፒያጆዋ ቬስፓ የወጣችው በ1938 ዓ.ም.፣ የኢኖቼንቲዋ ላምብሬታ ደግሞ ከእሷ በኋላ ነው።

ባጃጅ ለሚፈታ የጎንደር መካኒክ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያ ቬስፓን በፒያጆ ፈቃድ ይሠራ ነበር። ከአራዳ እስከ አዘዞ የሚርመሰመሰው ባለ ሦስት እግርም የፒያጆ አፔ ዝርያ ነው።

ቬስፓ ላይ ታንቡሩ የሚቀመጠው ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ነው። መጀመሪያ የዳዶው መያዣ ሽቦ ይወጣል። ጎማው መሬት እንደያዘ፣ ፍሬን ተረግጦ ዳዶው ይላላል። እምቢ ካለ መፍቻው ላይ ቱቦ ይሰካል። ዳዶውን ጨርሶ ማውጣት ግን አያስፈልግም። ጥቂት ዙር ይዞ ከቀረ ዳዶው የሚጠመዘዝበት የዘንጉ ጥርስ አይጎዳም፣ ታንቡሩም ድንገት ተስፈንጥሮ ሰው አይመታም። ቀጥሎ የፍሬኑ ገመድ ይላላል። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል። ያረጀ ታንቡር ጠርዙ ላይ እርከን ስለሚያወጣ ሸራው እዚያ ይያዛል፤ ባለሞተሩ ግን ዝገቱን ሲረግም ይውላል። ከዚያ ነጭ ጋዝና ዘይት ተቀላቅሎ ዘንጉ መግቢያ ላይ ይንጠባጠብና ያድራል። ጠዋት ጎማው እላይና እታች ተይዞ ይወዘወዛል። ይህ ካልሠራ መንቀያ ይገባል። በካቻቢቴ ከሞተሩ አካል ጋር መፈልቀቅ ግን ክልክል ነው፤ አሉሚኒየም ስለሆነ ይሰነጠቃል።

ላምብሬታ ሌላ ጣጣ አላት። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በወጡት ባለ ሰንሰለቶቹ ላይ ታንቡሩ የሚነክሰው ሾጣጣ ዘንግ ነው። ጠርዙን በጥፍር የሚስብ መንቀያ ታንቡሩን ይሰብረዋል። የራሱ መንቀያ መሐሉ ላይ ይጠመዘዛል። ከሌለ ታንቡሩን አስለክቶ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ነው፤ ጎበዝ ቶርኖ ሠራተኛ ደግሞ ጎንደር አያጣም። መንቀያው እስኪወጠር ይጠብቅና የብሎኑ አናት በመዶሻ አንዴ ጠንከር ተደርጎ ይመታል። ጧ ብሎ ይለቃል።

በእሳት ማሞቅ ላይ መካኒኮች አይስማሙም። ይሠራል፣ ግን የዘይት መያዣውን ጎማ ያቃጥላል፤ ያ ጎማ ከሄደ ዘይቱ ሸራው ላይ ነው የሚፈሰው። ጎማውን ለመቀየር የቆረጠ ያሙቅ።

ሲገጠም የላምብሬታው ሾጣጣ ንጹሕና ደረቅ ይሁን፣ ግራሶ አይነካውም። የቬስፓው ጥርስ ላይ ስስ ግራሶ ይቀባል። መያዣ ሽቦው አዲስ ይሁን። ዳዶው ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ እንደገና ይጠበቅ። ወደ ጎሃ በሚወስደው ዳገት፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ጫናው ሁሉ የሚያርፈው እዚያ መገጣጠሚያ ላይ ነው።