ከግንባር ስለተመለሰ ሰው የምንለውና እውነታው

አጎቴ የደርግ ወታደር ነበር፤ ሠራዊቱ ሲበተን በ1983 ዓ.ም. ቤት ገባ። አንድ ቀን የግቢያችን አቮካዶ ፍሬ ቆርቆሮው ላይ ዷ ብሎ ወደቀ። አጎቴ ከወንበሩ ተወርውሮ ወለሉ ላይ ተኛ። ቀና ሲል «ሁላችሁም አላችሁ?» አለን። እኛ ልጆች ሳቅን። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ያኔ ጎረቤት ይለው የነበረው ዛሬም ከግንባር ለሚመለሱ ልጆች ይባላል።

«ጀግና አይረበሽም፤ ይሄ ፍርሃት ነው»

ድምፅ ሲሰሙ ሳያስቡ መሬት መያዝ ግንባር ላይ ነፍስ ያድናል። ችግሩ ሰውነት ይህን ልማድ እንደ ደንብ ልብስ አውልቆ አይሰቅለውም። ቅዠት፣ ድንገተኛ ንዴት፣ ከሰው መሸሽ፣ ሁሌ በር በሩን እያዩ መቀመጥ ይከተላል። ይህ ሲቆይና ኑሮ ሲያውክ ሕመም ነው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ PTSD ይባላል፣ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ማለት ነው። በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ ውስጥ ራሱን የቻለ ስም ያገኘው እንኳ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ከቬትናም ጦርነት በኋላ ነው።

«ጦርነት ያየ ሁሉ አእምሮው ተነክቷል፤ ሽሹት»

የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ እዚያ በሕይወት ዘመናቸው ይህ ሕመም የሚይዛቸው ከ100 የቀድሞ ወታደሮች 7ቱ ያህል ናቸው። አብዛኛው ሰው ደህና ነው። የታመመውም ቢሆን የሚሸሽ ሳይሆን የሚጠየቅ ሰው ነው።

«ይሄ የጸበል እንጂ የሐኪም አይደለም»

አያቴ አጎቴን ጸበል ወስዳዋለች፤ ደግ አደረገች። ጥፋቱ ሐኪም ቤት አትሂድ፣ መድኃኒት አቁም ሲባል ነው። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ለዚህም ያው ነው። ዋናው ሕክምና ንግግር ነው፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንዴ፣ ለሦስት ወር ያህል፣ ሰውየው የሚሸሸውን ትዝታ ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር ቀስ እያለ ይጋፈጠዋል። ካስፈለገ መድኃኒት ይታከላል። ዓመታት ካለፉም በኋላ ይሠራል። ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ አይደለም ያለው፤ የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ያሉባቸው ጤና ጣቢያዎች አሉ።

«አረቄ ያስተኛዋል»

ያስተኛዋል፣ ግን እንቅልፉን ይቆራርጥበታል። ሲነቃ ይብስበታል።

«ስለ ሞት አትጠይቁት፤ ታስታውሱታላችሁ»

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ብዙ ጊዜ ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካላችሁ አትቆጡት፣ አትስበኩት። ብቻውን አትተዉት፣ መሣሪያ ካለ ከቤት ይውጣ፣ አብራችሁት ሆስፒታል ሂዱ። አሜሪካ የምትኖሩና በአሜሪካ ጦር ያገለገለ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ወደ 988 ደውላችሁ 1ን ተጫኑ፤ የቀድሞ ወታደሮች የአስቸኳይ ድጋፍ ስልክ ነው፤ ሌሊትም ይነሳል፣ የተጨነቀ ቤተሰብም መደወል ይችላል።