ኢንዶርስመንት ምንድን ነው? ራፐር «ምረጡት» ሲል ጥቁር መራጭ ይሰማዋል?

የ2024ቱን የአሜሪካ ምርጫ የተከታተለ ሰው ያንን ሰሞን አይረሳውም። ቢዮንሴ ሂውስተን ላይ ለካማላ ሃሪስ ድጋፏን ሰጠች። ሜጋን ዘ ስታሊየን አትላንታ ላይ ዘፈነች፣ ካርዲ ቢ ሚልዋኪ ላይ ንግግር አደረገች፣ ዲትሮይት ላይ ደግሞ ኤሚነም ባራክ ኦባማን ወደ መድረክ ጋበዘ። በሌላው ወገን ዶናልድ ትራምፕ ብሮንክስ ላይ በጠሩት ሰልፍ ሸፍ ጂ እና ስሊፒ ሃሎው የተባሉትን የብሩክሊን ራፐሮች መድረክ ላይ አወጡ። ከዚያማ ወሬው ሁሉ ቆጠራ ሆነ፤ እነዚህ ይህን ያህል ራፐር አላቸው፣ እነዚያ ያን ያህል። ራፐሩ የሄደበት ጥቁር መራጭ ተከትሎ ይሄዳል የሚለው ሐሳብ ያለቀለት ነገር ተደርጎ ተወሰደ። አይደለም። ይህ አስተሳሰብ የጥቁር አሜሪካውያንን የፖለቲካ ታሪክ በጣም ያሳንሰዋል፣ እኔን የሚያናድደኝም እሱ ነው።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ኢንዶርስመንት ማለት አንድ ሰው ወይም ድርጅት «እኔ የምደግፈው እከሌን ነው» ብሎ በይፋ ሲናገርና ስሙን ለዕጩው ሲያውስ ነው። ጋዜጣ ያደርገዋል፣ የሠራተኛ ማኅበር ያደርገዋል፣ ሴናተር፣ ከንቲባ፣ ፓስተር፣ ዘፋኝ ያደርገዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። አብዛኛው ሰው ሥራ አለበት፣ ልጅ አለበት፣ የዕጩዎቹን የግብርና የጤና መድን ዕቅድ ቁጭ ብሎ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ስለዚህ የሚያምነው ሰው አይቶ «ይሄኛው ይሻለናል» ካለው በዚያ ይሄዳል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሐኪም ስንመርጥ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ዋናው ነገር ግን ተናጋሪው መታመኑ ነው እንጂ መታወቁ ብቻ አይደለም።

ይህንን በደንብ የሚያሳየው የ1960ው ምርጫ ነው። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ላይ ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ አትላንታ ውስጥ፣ ጥቁሮችን አብሮ አላስተናግድም ባለ ትልቅ መደብር ውስጥ ከተማሪዎች ጋር ሆነው ሲቃወሙ ታሰሩ። ሌሎቹ ሲለቀቁ እሳቸው ግን በቆየ የመንጃ ፈቃድ ክስ ሰበብ አራት ወር የጉልበት ሥራ ተፈረደባቸውና ወደ ግዛቱ እስር ቤት ተወሰዱ። ባለቤታቸው ኮሬታ ነፍሰ ጡር ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ ጥቁር መሪ ደቡብ ውስጥ እስር ቤት ሲገባ በሕይወት ይወጣል ብሎ የሚተማመን ቤተሰብ አልነበረም። የዲሞክራቶቹ ዕጩ ጆን ኬኔዲ ለኮሬታ ስልክ ደውለው አጽናኗቸው። ወንድማቸው ሮበርት ዳኛው ጋ ደወለ። ኪንግ በማግስቱ ተፈቱ። የሪፐብሊካኑ ተፎካካሪያቸው ሪቻርድ ኒክሰን በአደባባይ ምንም አላሉም።

የኪንግ አባት፣ የኤቤነዘር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር የነበሩት ኪንግ ሲኒየር፣ እስከዚያ ድረስ የኒክሰን ደጋፊ ነበሩ። የኬኔዲ ካቶሊክነት አልተዋጠላቸውም ነበር። ከስልኩ በኋላ ግን በሕዝብ ፊት ሐሳባቸውን ቀየሩ፤ ሻንጣ ሙሉ ድምፅ አለኝ፣ ለኬኔዲ ነው የምሰጠው አሉ። የስልኩ ታሪክ በሰማያዊ ወረቀት ታትሞ ከምርጫው በፊት ባለው እሑድ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ታደለ። ኬኔዲ በመላ አገሪቱ ያሸነፉት ከ120 ሺህ ባነሰ የድምፅ ልዩነት ነው። ልጃቸው ማርቲን ግን ምስጋናቸውን ተናገሩ እንጂ በይፋ ማንንም አልደገፉም።

የአባት ኪንግ ቃል ለምን ሠራ? ምእመኑን ያጠመቁት፣ ያጋቡት፣ የሞተውን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። የተናገሩት ነገር ስህተት ሆኖ ቢገኝ በሚቀጥለው እሑድ እነዚያው ሰዎች ፊት ነው የሚቆሙት፣ መሸሻ የላቸውም። በዚያ ላይ የታሰረው ልጃቸው ነው። ከ60 ዓመት በኋላም ያው ነገር ታይቷል። በ2020 ጆ ባይደን ዲሞክራቶቹ ዕጩአቸውን በሚመርጡበት ውድድር በመጀመሪያዎቹ ግዛቶች ተሸንፈው ሁሉም ሰው አበቃላቸው ሲል፣ የሳውዝ ካሮላይናው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ፌብሩዋሪ 26 ቀን ቆመው ደገፏቸው። ከሦስት ቀን በኋላ ባይደን ግዛቷን በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ ከተጠየቁት ሰዎች ግማሽ ያህሉ የክላይበርን ድጋፍ በውሳኔያቸው ላይ ትልቅ ቦታ እንደነበረው ተናገሩ። ክላይበርን ዘፋኝ አይደሉም። ያኔ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ሊሆኑ ትንሽ የቀራቸው፣ በ1960ዎቹ የመብት ትግል ጊዜ የታሰሩ፣ በግዛቷ የሚገኝ አንድ የምርጫ አውራጃ ከ1993 ጀምሮ የወከሉ ሰው ነበሩ።

ታዲያ ጥቁሮች ከዲሞክራቲክ ፓርቲ ጋር እንዴት እንዲህ ተጣበቁ? ብዙ ሰው ከመጀመሪያውም እንደዚያ የነበሩ ይመስለዋል። ከባርነት ነፃ ያወጣቸው የአብርሃም ሊንከን ፓርቲ ሪፐብሊካኑ ነበር፣ ለ70 ዓመት ያህልም ድምፅ መስጠት የተፈቀደለት ጥቁር በብዛት የመረጠው እሱን ነው። ደቡብ ውስጥ ጥቁሮችን ከምርጫ ሳጥን ያራቁት ዲሞክራቶች ነበሩ። ሚዛኑ የተገለበጠው በ1936 ነው፤ በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ ሥራና ዳቦ ያመጡት ዲሞክራቱ ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከጥቁር መራጮች 70 በመቶ ያህሉን አገኙ። ቢሆንም ነገሩ አላለቀም ነበር። በ1956 እንኳ ሪፐብሊካኑ አይዘንሃወር ከአሥር ጥቁር መራጮች አራቱን ያህል አግኝተዋል። በሩ የተዘጋው በ1964 ነው። ዲሞክራቱ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በዘር መለየትን የከለከለውን የሲቪል መብት ሕግ ፈረሙ፣ ተፎካካሪያቸው ባሪ ጎልድዋተር ሴኔት ውስጥ ሕጉን ተቃውመው ድምፅ ሰጡ። ጆንሰን ከጥቁሮች ድምፅ ከ90 በመቶ በላይ ወሰዱ፣ በዓመቱም የመምረጥ መብት ሕጉ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ሪፐብሊካን ዕጩ ከአሥር ጥቁር መራጭ ሁለቱን እንኳ ለማግኘት ተቸግሯል።

ይህ ታማኝነት ሁሉም ጥቁሮች አንድ ዓይነት ስለሚያስቡ የመጣ አይደለም። በሃይማኖትና በቤተሰብ ጉዳይ ከብዙ ሪፐብሊካን የበለጠ ወግ አጥባቂ የሆነ ጥቁር ሞልቷል፣ ድምፁን ግን ለዲሞክራት ይሰጣል። ማይክል ዶውሰን የተባሉት ጥቁር አሜሪካዊ ምሁር ይህንን «የተሳሰረ ዕጣ» በሚል ሐሳብ ያስረዱታል። በወገኔ ላይ የሚደርሰው እኔም ላይ ይደርሳል፣ ስለዚህ ለእኔ ይበጃል ወይ ከማለቴ በፊት ለእኛ ይበጃል ወይ እላለሁ ነው ነገሩ። ያ ሁሉ የግፍ ዘመን ሀብታሙንም ድሃውንም ስላልለየ ይህ አስተሳሰብ ከልምድ የመጣ ነው። ኢስማይል ዋይት የተባሉ ሌላ ምሁር ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ደግሞ አንድ ነገር ጨመሩበት። ለዲሞክራት መምረጥ በጥቁር ማኅበረሰብ ውስጥ ይጠበቃል፤ ቤተሰብ ይጠብቃል፣ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቃል፣ ጓደኛ ይጠብቃል። አንድ ጥቁር ሰው ጠያቂው ራሱ ጥቁር ሲሆን ዲሞክራት ነኝ የማለት ዕድሉ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ለእኛ ለሐበሾች ይህ ሊገርመን አይገባም፣ ይሉኝታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው እናውቃለን። እዚህ ግን ይሉኝታው የጥቂቶችን ድምፅ አንድ ላይ አስሮ ጉልበት እንዲኖረው ያደረገ የትግል መሣሪያ ነው፣ እኔ የማከብረውም ለዚህ ነው።

አሁን ራፐሩን እዚህ ሁሉ መሀል አምጡት። ኪለር ማይክ ከቀሽሞቹ ተናጋሪዎች አይደለም፣ አንባቢ ነው፣ አትላንታን ይወዳል፣ ያወራውን ያውቃል። በ2016 በዲሞክራቶቹ የዕጩ መምረጫ ውድድር በርኒ ሳንደርስን ደግፎ ከእሳቸው ጋር ከተማ ለከተማ ዞረ። ሳውዝ ካሮላይና ላይ ሂላሪ ክሊንተን ከጥቁር መራጮች ከአሥሩ ከስምንት በላይ ወሰዱ፣ የራሱ ግዛት ጆርጂያም ላይ እንደዚያው ሆነ። ካንዬ ዌስት በ2018 ቀዩን የትራምፕ ኮፍያ አድርጎ ዋይት ሃውስ ገባ፣ በ2020 ራሱ ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር በመላ አሜሪካ ያገኘው 70 ሺህ ገደማ ድምፅ ነው። ሊል ዌይን በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ከትራምፕ ጋር የተነሳውን ፎቶ ለቀቀ። ከሳምንታት በኋላ የፌዴራል የጦር መሣሪያ ክስ ተመሠረተበት፣ ጥፋተኝነቱን አመነ፣ ትራምፕም ሥልጣን ሊለቁ ሰዓታት ሲቀራቸው ምሕረት አደረጉለት። ፊፍቲ ሴንት ደግሞ የባይደንን የግብር ዕቅድ አይቶ ትራምፕን ምረጡ አለ፣ ወዲያው ሐሳቡን ቀየረ። ያ የግብር ጭማሪ በዓመት ከ400 ሺህ ዶላር በላይ የሚያገኝን ሰው ነው የሚነካው። የዲትሮይት አውቶቡስ ሹፌር ይህንን ሲሰማ ምን ይበል? የተሳሰረ ዕጣ የሚባለው እዚህ ላይ ይበጠሳል፤ ኮከቡ የሚናገረው ስለ ራሱ ኪስ እንደሆነ አድማጩ ያውቃል። ዘፈኑን ይወድለታል፣ ድምፁን ግን አይሰጠውም።

አይስ ኩብን ለብቻው ማየት ደስ ይለኛል። እሱ በ2020 ማንንም አልደገፈም። ለጥቁር አሜሪካውያን ይደረግ የሚለውን ጽፎ ለሁለቱም ፓርቲ አቀረበ። እሱ እንደተናገረው ዲሞክራቶቹ ከምርጫው በኋላ እንነጋገር አሉት፣ የትራምፕ ሰዎች ደግሞ ቁጭ ብለው አነጋገሩትና ከሐሳቡ የተወሰነውን ዕቅዳቸው ውስጥ አስገቡ። ያኔ ስድቡን ጠገበ፣ ከሃዲ ተባለ። ጥያቄው ግን ትክክል ነበር፦ ድምፃችንን አስቀድመን ከሰጠን በምን እንደራደራለን? ፖል ፍራይመር የሚባሉ ምሁር ለዚህ ስም አላቸው፣ «የተያዘ መራጭ»። አንዱ ፓርቲ የትም አይሄዱም ብሎ ይተኛል፣ ሌላው አይመጡልኝም ብሎ ይተዋል። በሜይ 2020 ባይደን ሻርላማኝ ዘ ጋድ በሚያቀርበው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ፣ እኔን ወይስ ትራምፕን ብሎ የሚያመነታ ሰው ጥቁር አይደለም ማለታቸው ከዚህ ንቀት የመጣ ነው። ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ግን ያ ንግግር ከየትኛውም ራፐር ፎቶ በላይ ዲሞክራቶቹን የጎዳ ይመስለኛል።

ዝነኛው ሰው ምንም አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። ሰው ይሰበስባል፣ ወጣቱ እንዲመዘገብ ያነሳሳል፣ ዜና ይፈጥራል። ችግሩ ከመሰብሰብ በኋላ ነው። በኖቬምበር 2016 ጄይ ዚ እና ቢዮንሴ ክሊቭላንድ ላይ ለክሊንተን ትልቅ ኮንሰርት አደረጉ፣ ትራምፕ ግን ኦሃዮን በ8 ነጥብ ገደማ አሸነፉ። በዚያ ዓመት ጥቁሮች በብዛት ወደ ሪፐብሊካን አልሄዱም። ብዙዎቹ ቤታቸው ቀሩ፤ ድምፅ የሰጡት ጥቁሮች በ2012 ከነበረበት 66.6 በመቶ ወደ 59.6 በመቶ ወረደ። ለዲሞክራቶቹ ትልቁ ተፎካካሪ ሌላው ፓርቲ ሳይሆን ሶፋው ነው። ሰውን ከሶፋ የሚያነሳው ደግሞ የአንድ ምሽት ኮንሰርት አይደለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በአውቶቡስ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚወስደው ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በር የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው።

በ2024 አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል፣ እሱን መካድ አይገባም። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁት ጥቁር ወንዶች ከአሥሩ ሁለቱ ያህል ትራምፕን መርጠናል አሉ፣ ከጥቁር ሴቶች ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ከሃሪስ ጋር ነበሩ። ራፐሮቹ ናቸው ያመጡት? ከተቆጠረማ ብዙዎቹ ትልልቅ ስሞች ከሃሪስ ጋር ነበሩ። እኔ የማየው ሌላ ነው። ኑሮ ተወደደ፣ የቤት ኪራይ ወጣቱን አስመረረው፣ 1964ን የሚያስታውሱት አያቶች እያለፉ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ወጣትም ከእነሱ ዘመን ያነሰ ነው። ያ ሁሉ የሚጠብቅ ዓይን ሲቀንስ ሰው እንደ ግሉ መምረጥ ይጀምራል።

እዚያ ታሪክ ውስጥ ያላደገ ጥቁርም አለ፣ እኛ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ። በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ ላይ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የባይደን አስተዳደር በወሰደው አቋም የተቆጡ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ፣ ማኅበራቸውም በይፋ ደገፋቸው። ሁላችንም አልነበርንም፣ ማኅበረሰቡ በጦርነቱ የተነሳ ራሱ ተከፋፍሎ ነበር። ያንግኪን ሁለት ነጥብ በምታህል ልዩነት አሸነፉ። ያንን ውጤት እኛ አመጣነው ማለት አይቻልም። ግን አሌክሳንድሪያ ውስጥ በዚያው ጎዳና የሚኖሩ ሁለት ጥቁር ጎረቤታሞች፣ አንዱ ሰልማ ከተማ ላይ በ1965 ለመምረጥ መብት የተደረገውን ሰልፍ ከአያቱ የሰማ፣ ሌላው በ1990ዎቹ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ድምፃቸውን በተለያየ ሒሳብ እንደሚሰጡ ያን ጊዜ በግልጽ ታየ። ለሁለቱም የሠራው ድጋፍ ደግሞ የመጣው ከየራሳቸው ቤተ ክርስቲያንና ማኅበር፣ ስማቸውን ከሚያውቅ ሰው ነው።