ሜዲኬይድ በትምህርት ቤት ለሚሰጥ የሥነ ልቦና ምክር የሚከፍለው መቼ ነው?

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ «የነፃ አገልግሎት ደንብ» ነው። ቀድሞ ትምህርት ቤቱ ምክሩን ለሁሉም ተማሪ በነፃ ከሰጠ፣ ለሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ተጠቃሚ ልጆችም ቢሆን ሂሳብ መጠየቅ አይችልም ነበር። ዋናው ልዩ ሁኔታ፣ በልጁ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ ላይ የተጻፈ አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 የፌዴራል መንግሥቱ ክልከላውን አነሳ።

ክልከላው ተነሳ ማለት ግን ገንዘቡ በየቦታው ይፈሳል ማለት አይደለም። በብዙ ግዛቶች መጀመሪያ የግዛቱ የሜዲኬይድ ዕቅድ መሻሻል አለበት። ባለሙያው ግዛቱ የሚጠይቀውን ብቃት ያሟላ፣ ልጁም በሜዲኬይድ የተመዘገበ መሆን አለበት። ላልተመዘገቡት ትምህርት ቤቱ ሌላ በጀት ይፈልጋል። ለተመዘገቡት ፌዴራል መንግሥቱ ቢያንስ የወጪውን ግማሽ ይሸፍናል፤ ቀሪው ከግዛቱ ወይም ከትምህርት ቤቱ አስተዳደር ይወጣል።

ብዙ ጊዜ ገንዘቡን የሚያሳጣው ያልተሟላ መዝገብ ነው። «ከተማሪው ጋር ተነጋገርን» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ቀኑ፣ የፈጀው ደቂቃ፣ የተሰጠው ሕክምናና የባለሙያው ፊርማ ከሌለ ሂሳቡ ውድቅ ይሆናል፤ የተከፈለውም በኦዲት ሊመለስ ይችላል።

ትምህርት ቤቱ ሜዲኬይድን ሂሳብ እንዲጠይቅ ወላጅ የሚፈርመውን የፈቃድ ቅጽ በተመለከተ፣ የልዩ ፍላጎት ዕቅድ ያለው ልጅ ወላጁ ባይፈርምም አገልግሎቱ አይቋረጥበትም። ይህ በግልጽ ሊነገራችሁ ይገባል።